ዋሻው ውስጥ ትቼው የሄድኩት ሰው

በግጭቱ ምክንያት መንገድ በተዘጋ በሦስተኛው ቀን የአባቴ ጎረቤት ከአዲስ ቅዳም ማዶ ካለው መንደራቸው በእግሩ ዳንግላ ገባ። ስልክ ስለማይሠራ ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ «አባትሽ መድኃኒቱ ካለቀበት ሁለት ቀን ሆነው። ውኃ ውኃ ይላል፤ አንደበቱም እየተያዘ ነው» አለኝ። አባቴ የስኳር ሕመምተኛ ነው። እኔ ደግሞ ፋርማሲ ውስጥ ስለምሠራ፣ ያለ ኢንሱሊን ሁለት ቀን ምን ማለት እንደሆነ አላጣሁትም። ጎረቤታችን እግሩ አብጦ ነበርና ዕለቱን መመለስ አይችልም።

ተማሪ ሳለሁ ሯጭ ነበርኩ። ጉልበቴ እምቢ ሲለኝ ውድድሩን ተውኩት እንጂ ጠዋት ጠዋት መሮጤን አልተውኩም። ሁለት ብልቃጥ ኢንሱሊን በላስቲክ ጠቅልዬ ቀዝቃዛ ውኃ ባለበት ፔርሙዝ ውስጥ ከተትኩ፤ ፔርሙዙን ጀርባዬ ላይ አጥብቄ አሰርኩና ጎህ ሲቀድ ወጣሁ።

አስፋልቱን ትቼ በገደሉ ሥር የሚሄደውን የእግር መንገድ ያዝኩ። ሰው የሚባል የለም። ለከሰል በተተከለው የዲከረንስ ዛፍ ጫካ ውስጥ አንድ የከሰል ክምር ያለ ጠባቂ ይጨሳል። ወንዙን ስሻገር ድንጋዩ አንሸራትቶኝ በመዳፌ ወደቅሁ፤ ከእጄ ደም በፊት ያየሁት ብልቃጦቹን ነው። ደህና ነበሩ። ሽቅብ መውጣት ስጀምር በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። ፊት ለፊቴ ከብት የሚጠለልበት ዋሻ ስለነበር ሮጬ ገባሁ።

«ማነሽ?» የሚል ድምፅ ከጨለማው መጣ፤ በአገውኛ።

ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ግድግዳውን ተደግፎ አየሁ። አንድ እግሩ ከጉልበቱ በታች አብጦ ጠቁሯል።

«መንገደኛ ነኝ» አልኩት።

«ብቻሽን ነሽ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ጣለ። ከገደል ወድቄ ነው አለኝ። ይሁን አይሁን አልመረመርኩም፤ በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም። ለራሴ የያዝኩትን ውኃ አጠጣሁት፤ ዳቦዬንም ሰጠሁት። ቁስሉ ይሸት ነበር፤ በነጠላዬ ቅዳጅ አሰርኩለት። ላነሳው ሞከርኩ፤ ጮኸና መልሼ አስቀመጥኩት።

ዝናቡ ሲያባራ ተነሣሁ። የቀሚሴን ጫፍ ያዘ።

«እህቴ፣ ብቻዬን አትተይኝ።»

«ወንድሜ፣ አባቴ ሊሞትብኝ ነው። መጀመሪያ ያገኘሁትን ሰው እልክልሃለሁ።»

እጁን ራሴ ነበር ያላቀቅሁት። ጣቶቹ ያተኩሱ ነበር።

ከዋሻው በላይ ባለው የመጀመሪያ ቤት አንዲት እናት አገኘሁ። ስነግራቸው ወደ ታች አዩና፣ «ወንዶቹ ሁሉ ሸሽተው የሉም። እኔ በምን አቅሜ ላንሣው፣ ልጄ? የሚገኝ ሰው ካለ እነግራለሁ» አሉኝ። ያን ይዤ ሮጥኩ። አዲስ ቅዳም ከተማን ተኩስ ፈርቼ በሩቁ ዞሬ አለፍኩ፤ ጉልበቴ እንደ ጉጠት ይቆነጥጠኛል፣ እኔ ግን ጉልበቴን አልነበረም የማስበው።

ቤት ስደርስ አባቴ ዓይኑን መግለጥ አቅቶታል፤ ትንፋሹ ረጅምና ከባድ ነበር። መርፌውን ወጋሁት፤ በየሰዓቱ ከንፈሩን እያረጠብኩ አጠገቡ ተቀመጥኩ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ስሜን ጠራ። እናቴ እልል ልትል ብላ አፏን በእጇ ያዘች፤ ጎረቤት ቤት ሐዘን ነበር።

መንገዱ ሲከፈት ወደ ዳንግላ የተመለስኩት በሚኒባስ ነው። ወደ ዋሻው አልወረድኩም። ጉልበቴ አብጦ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን ጉልበቴ ደህና ቢሆንም የምወርድ አይመስለኝም። እኚያ እናት ሰው ያግኙ አያግኙ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ከወራት በኋላ ነገሩን ለአባቴ ነገርኩት።

«የማን ልጅ እንደሆነ ጠይቀሽዋል?» አለኝ በመጨረሻ።

«አልጠየቅሁትም።»

«ቢያንስ ለቤተሰቡ ይነገር ነበር» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።