የኦዴሊያ ፊት ያለበት ካናቴራ

ኦዴሊያ ግላፒዮን ሐሙስ ሐሙስ ትሬሜ ሰፈር መጠጥ ቤት ውስጥ ጃዝ ትዘፍናለች፤ በተቀረው ቀን ደግሞ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ገብታ ለሕፃናት ሩዝ ትጨልፋለች። ሕፃናቱ ዘፋኝ መሆኗን አያውቁም፤ ጠጪዎቹ ሩዝ መጨለፏን አያውቁም። ሁለቱም ወገን ግን «ጨምሪልን!» ነው የሚላት።

ሽልማት የሚባል ነገር አንዴ ደርሷታል። ቤተ ክርስቲያኗ ዓሣ ጠብሳ ስትሸጥ፣ ሳትማረር የጠበሰች ተብላ የፕላስቲክ ዋንጫ ሰጧት። ማንኪያ ታስቀምጥበታለች።

ታዲያ በዚያ ዓመት ብርዱ ሊያልቅ ሲል ስልክ ተደወለላት። የጸደዩ የሙዚቃ በዓል ሰዎች ናቸው። በበዓሉ የመጨረሻ ቅዳሜ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት፣ ጃዝ ድንኳን ውስጥ ከነባንድሽ ዝፈኚልን አሏት። የሰፈሯ ዘፋኝ ሁሉ ያንን ድንኳን እንደ ገነት ነው የሚያየው፤ መኖሩን ያምናል፣ የገባ ዘመድ ግን የለውም። ኦዴሊያ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትጠብቀው ኖራለች። ስልኩን ዘግታ ማድ ቤት ውስጥ ብቻዋን ጨፈረች። ሲደክማት ቁጭ ብላ አሰበች። ትልልቆቹ ዘፋኞች ድንኳኑ ደጅ ላይ ፊታቸው ያለበት ካናቴራ ያስሸጣሉ።

«እኔስ ፊት የለኝም እንዴ?» አለችና ተነስታ ላቮን ሱቅ ሄደች።

ላቮን ካናቴራ ላይ ፎቶ ያትማል። ሥራው ቀዝቅዞ አያውቅም፤ በዚህ ከተማ ሰው ሲሞት ወዳጅ ዘመዱ የሟቹን ፎቶ ደረቱ ላይ ለብሶ ነዋ የሚሸኘው። የሱቁ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሞቱ ሰዎች ተሞልቷል፤ ሁሉም ይስቃሉ። ኦዴሊያ ግማሾቹን ስለምታውቃቸው ስትገባ ራሷን ዝቅ አድርጋ ሰላም አለቻቸው።

«ላቮን፣ የኔን ፎቶ አትምልኝ። በርከት አድርገህ።»

ላቮን እጁ ላይ ያለውን ጨርቅ አስቀመጠ። «የእርስዎን፣ ሚስ ኦዴሊያ?»

«የማንን ታዲያ? የጎረቤቴን?»

«አይ፣ ራሱ መጥቶ የሚያዝ ሰው ብዙም ስለማይገጥመኝ ነው።»

«ማን ይዘዝልኝ? ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ!»

«እሱስ እውነት ነው» አለ ላቮን፤ ዓይኑ ዕንባ አቀረረ። «የተወለዱበትን ቀን ይንገሩኝ።»

የልደት ቀኗ ለካናቴራ ምን እንደሚሠራ አልገባትም። ግን እስክሪብቶ የያዘ ሰው ሁሉ የልደት ቀን ይጠይቃል፤ ነገረችው። ከዚያ የሚከተለውን ሁለተኛውን ቀን ላቮን አልጠየቀም። እናቱ በጨዋነት ነው ያሳደገችው።

«እንዴት ላድርገው?»

«ሥራህ አይደል? አንተ እንደምታውቀው አሳምረው። ሲያልቅ መጠጥ ቤቱ ላክልኝ፣ አልሲድ ይቀበልሃል።»

ላቮንም እሱ እንደሚያውቀው አሳመረው።

አልሲድ የባንዱ ቤዝ መቺ ነው። ከቁመቱ የሚበልጥ ቤዝ አቅፎ ከኦዴሊያ ጎን ሲቆም ፀጉሩ ሸበተ። የሷን ቦርሳ አንድም ቀን ይዞላት አያውቅም፤ እንዲያውም የራሱን ቢራ እሷ ነበረች የምትይዝለት። ከበሮ መቺው ሃርላን ይባላል፤ ሰፈሩ ግን «ነገ» ነው የሚለው። ሃርላን ለገዛ ሠርጉ እንኳ ዘግይቶ፣ እንግዳው መብላት ጀምሮ ነው የደረሰው።

በሚቀጥለው ሐሙስ ኦዴሊያ ስትገባ ሃርላን ከበሮው ኋላ ተቀምጧል። ኦዴሊያ የግድግዳውን ሰዓት አየች። የራሷን ሰዓት አየች።

«ነገ፣ ምን ሆነሃል? ሚስትህ አባረረችህ?»

«እንዲያው ካንቺ ጋ ትንሽ ልቀመጥ ብዬ ነው» አለ ሃርላን፣ ዓይኑን ሳያነሳ።

አልሲድ እየሮጠ መጥቶ ቦርሳዋን ተቀበላት። ማይክራፎኑ ጋ ወንበር አስቀምጦላታል፤ ትራስ ሁሉ አለበት።

«ይሄ የማን ነው?»

«ያንቺ። አረፍ ብለሽ ዝፈኚ፣ ቤቢ።»

«እኔ ቁጭ ብዬ የምዘፍን አሮጊት ነኝ?»

«አይደለሽም፣ አይደለሽም» አለ አልሲድ፤ ትራሱን አስተካከለው።

ባሏን ስላባረረች ሴት የሚያወራ ዘፈን አላት፤ ቤቱ ሁልጊዜ በሳቅ ይፈርሳል። ያን ቀን ፊት የተቀመጡት አለቀሱ። ኦዴሊያ ግጥሙ ተሳሳተብኝ ይሆን ብላ ደገመችው። ባሰባቸው።

ሲያበቁ አልሲድን ጠየቀችው። «ላቮን ካርቶን አላደረሰም?»

«አድርሷል። ከፍተን አይተነዋል።» አልሲድ አንገቷን አቀፈ። «ቆንጆ ነው። ሁሉን በራስሽ ማዘጋጀትሽ… እኔ አንቺን ብሆን አልችልም ነበር። ጠንካራ ሴት ነሽ።»

«ካናቴራ ለማዘዝ?»

«ተይው፣ አናውራው። ካርቶኑ እኔ ጋ ይቀመጥ።»

ቤቷ ስትደርስ ጎረቤቷ ሚስ ኤርሊን በረንዳው ላይ ትጠብቃታለች፤ እጇ ላይ በፎይል የተሸፈነ የምድጃ መኮሮኒ። እንግዲህ በዚህ ሰፈር መኮሮኒ በፎይል ተሸፍኖ ሰው ቤት የሚሄደው ሰው ሲሞት ነው። ኦዴሊያ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ቆማ ቤቷን አሰበች፤ ማን ጎደለ? ማንም።

«ኤርሊን፣ ቤት ተሳስተሽ እንዳይሆን?»

«ብዪ፣ ብዪ የኔ እህት» አለች ሚስ ኤርሊን፤ ጉንጯን ስማት ሄደች።

በላች። ምን ታድርግ? ጥሩ መኮሮኒ ነው።

ነገሩ ግን እንቅልፍ ነሳት። የትምህርት ቤቷን ነርስ ደም ግፊት ለኪኝ አለቻት። ነርሷ ለካችና ኮስተር አለች። «ከኔ ይሻላል» አለቻት፣ ቅር ብሏት።

በማግስቱ አልሲድ ቤት በኩል ስታልፍ ከጓሮው ሙዚቃ ሰማች። የራሷ መክፈቻ ዘፈን ነው። ቤዙ የአልሲድ፣ ከበሮው የሃርላን፤ ድምፁ ግን የሌላ ሰው። በአጥሩ ቀዳዳ ስታይ የአልሲድ የእህት ልጅ ካሚል ዓይኗን ጨፍና ትዘፍናለች። ኦዴሊያ በሩን በእግሯ ከፈተችው።

«አልሲድ! ይቺ ልጅ የኔን ዘፈን ምን ታደርገዋለች?»

አልሲድ ቤዙ ኋላ ሊደበቅ ሞከረ። ቤዙ ትልቅ ቢሆንም አልሲድ በወርድ ይበልጠዋል። «ለጥንቃቄ ነው… ለድንኳኑ። እስከ በዓሉ ድረስ ምናልባት ካልቻልሽ ብለን።»

«ለምንድነው የማልችለው?»

ካሚል ጫማዋን ታያለች። ሃርላን ከረባት አስሮ ነበር፤ በሥራ ቀን፣ ጓሮ ውስጥ።

«ለበዓሉ ሰዎች ነግሬያቸዋለሁ» አለ አልሲድ ቀስ ብሎ። «ያንቺን ቦታ ካሚል ትሸፍናለች ብያቸዋለሁ። ተረዱን።»

«እነሱ ተረዱ? እኔስ መቼ ነው የምረዳው?»

አሁን ትንሽ የበራላት መሰላት። ወንበሩ፣ ትራሱ፣ የእህት ልጁ፤ ዕድሜዋን ሙሉ የጠበቀችውን ድንኳን ለዘመዳቸው ሊሰጡ ነው። መኮሮኒው ግን በየት በኩል እንደሚገባ አልታያትም።

ያን ዕለት ማታውን የሰፈሩ እድር ዳኛ ሚስተር ኦክታቭ መጡ። የወርቅ ጃንጥላ እድር ሰው ያስቀብራል፣ በዓመት አንዴ ሰፈሩን በማርሽ ባንድ እየጨፈረ ይዞራል፣ ሽልማትም ይሰጣል። ሽልማቱን የሚሰጠው ለሞተ ሰው ብቻ ነው፤ የሞተ ሰው ንግግር አያስረዝምም።

ሚስተር ኦክታቭ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ያዙ። «ሚስ ኦዴሊያ፣ እድሩ የዕድሜ ልክ የክብር ሽልማት ወስኖልሻል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ።»

«ዕድሜ ልክ? ምን አጥፍቼ?»

«ስለ ዘፈንሽ ነው፣ ልጄ።»

«እርስዎ እኮ የሚሸልሙት የሞተ ነው!»

«ደንቡን አሻሻልነው። እንድትሰሚው ብለን።»

«እኔ የምፈልገው ድንኳኔን ነው፣ ሚስተር ኦክታቭ።»

«እግዚአብሔር ያውቃል» አሉ ሚስተር ኦክታቭ፣ ጣራውን እያዩ። ኦዴሊያም ጣራውን አየች። ምንም የለም።

እሑድ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ሄደች። ሽልማታችሁን ውሰዱ፣ ድንኳኔን መልሱ ልትላቸው አፏን አዘጋጅታለች። የእድሩን አዳራሽ በር ከፈተችና ባለችበት ቀረች።

አዳራሹ ጢም ብሏል። የሁሉም ደረት ላይ እሷ አለች። ከራሷ በላይ ደመና፣ በግራ በቀኟ እርግብ፤ ከትከሻዋ ክንፍ በቅሏል። ከሥር በወርቅማ ፊደል «ፀሐይ ወጣች» ይላል፣ ከጎኑ የልደት ቀኗ። ቀጥሎ «ፀሐይ ገባች» ይላል፣ ከጎኑ ባዶ ቦታ።

ሕዝቡ ተነስቶ አጨበጨበ። ሚስ ኤርሊን ከነመኮሮኒዋ ፊት ለፊት ቆማ ታለቅሳለች።

«ሞቻለሁ እንዴ?» አለች ኦዴሊያ።

«ገና ነሽ» አሉ ሚስተር ኦክታቭ በትሕትና።

«ማን ነው እሞታለሁ ያለው?»

«አንቺ ራስሽ!» አለ አልሲድ። «ካናቴራውን አዘዝሽ እኮ! ከፍቼ ያየሁት እኔ ነኝ። ደክሞሽ ድንኳን ውስጥ ሰው ፊት እንዳትወድቂ ብዬ ነው ካሚልን ያለማመድኳት!»

«እኔ ድንኳኑ ደጅ ላይ ልሸጠው ነበር ያዘዝኩት! እንደ ትልልቆቹ ዘፋኞች!»

ከዚያ ሁሉም ዞሮ ላቮንን አየው።

«እንደምታውቀው አሳምረው አሉኝ» አለ ላቮን። «እኔ የማውቀው ይሄንን ነው። ባዶ ቦታውንም የተውኩት በጨዋነት ነው።»

«በጊዜ መጣሁ እኮ!» ጮኸ ሃርላን፣ እንደ ተዘረፈ ሰው። «በከንቱ በጊዜ መጣሁ!»

ሚስተር ኦክታቭ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ማርሽ ባንዱ ውጭ ቆሟል። ዛሬ ምንም የማትሆኚ ከሆነ… ይሂዱ?»

«ማንም ንቅንቅ አይልም» አለች ኦዴሊያ። «አልሲድ፣ አሁኑኑ ለበዓሉ ሰዎች ደውል። ኦዴሊያ ትዘፍናለች በላቸው።»

አልሲድ ደወለ። ሰማ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ስልኩን በመዳፉ ሸፈነ። «ስልክ ያነሳችው ሴትዮ እንቢ አለች። የካሚል ስም ገብቷል፤ ለሚስ ኦዴሊያም እረፍት ይሻላታል ትላለች።»

«አጎቴ፣ ቦታውን ስጣት በናትህ!» አለች ካሚል። «እኔ ከፍርሃቴ የተነሳ እህል አልወርድ ብሎኛል!»

«የመጨረሻ ምኞቷ ነው በላት» አለች ኦዴሊያ።

«አትሞችም አልሽ እኮ!»

«አልሲድ፣ ሁላችንም እንሞታለን። እኔ መቼ እንደሆነ ለሴትዮዋ አልነገርኳትም።»

አልሲድ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነው። ዓይኑን ጨፍኖ ተናገረው። ሴትዮዋ በስልኩ ውስጥ ስታለቅስ ፊት የተቀመጡት ሁሉ ሰሟት፤ የቅዳሜው አሥር ሰዓት ለኦዴሊያ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲያ ሽልማቱን ለምን ትመልሰው? ተቀበለችና ንግግር አደረገች፤ ሚስተር ኦክታቭ እድሩ ለምን የሞተ እንደሚሸልም እስኪያስታውሱ ድረስ አስረዘመችው። ማርሽ ባንዱም አልባከነም፤ ሰፈሩን ዞሩ። ኦዴሊያ የራሷን ፊት ከለበሰ ሕዝብ ፊት ፊት እየጨፈረች ሄደች፤ በየበረንዳው የተቀመጠው ሰው ሟቿን አይቶ፣ ጨፋሪዋን አይቶ፣ መነጽሩን ጠረገ።

ላቮን በጸጸት ሊሞት ደረሰ። ሌላ አዲስ ላትም ቢልም ጊዜ አልነበረም።

«ባዶውን ቦታ ሙላው፣ ይበቃል» አለችው ኦዴሊያ። «ቅዳሜ አሥር ሰዓት፣ ጃዝ ድንኳን ብለህ ጻፍበት። ሰው የት እንደምዘፍን ይወቀዋ።»

አልሲድ ጥሩ ሐሳብ ነው አለ። ሃርላንም ጥሩ ነው አለ። ላቮን እሱ እንደሚያውቀው ጻፈው፤ እሷ ባዘዘችው ባዶ ቦታ፣ «ፀሐይ ገባች» ከሚለው ጎን። ካናቴራው በከተማው ተበተነ።

ቅዳሜ ድንኳኑ ከገመዱ ውጭ ድረስ ሞላ። በዓሉ ላይ እንዲህ ያለ ጨዋ ሕዝብ ታይቶ አይታወቅም፤ ጥቁር የለበሰ አለ፣ መሐረብ የያዘ አለ። አሥር ሰዓት ሲሞላ ሃርላን የለም። ሕዝቡ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። በስንት ጭንቅ ሃርላን ከበሮውን እየጎተተ፣ መንገድ ተዘጋብኝ እያለ ደረሰ። ኦዴሊያ ልትስመው ምንም አልቀራት፤ በሕይወት መኖሯን ያመነላት የመጀመሪያው ሰው ነው።

ቆማ ዘፈነች። እንደዚያ ዘፍና አታውቅም። ባሏን ያባረረችዋን ሴት ስትዘፍን ጥቂቶች ሊስቁ ጀመሩና ጎረቤታቸው ጎሸማቸው። በየዘፈኑ መሀል ሰው ሰዓቱን ያያል፣ ቀና ብሎ እሷን ያያል፣ እንደገና ሰዓቱን ያያል።

«ምን ሆነው ነው?» አለችው አልሲድን በሹክሹክታ።

«እኔ ምን አውቄ? ዝፈኚ።»

ተጠናቀቀ። እጅ ነሳች። ሕዝቡ አጨበጨበ፣ ግን ንቅንቅ የለም፤ ባቡር የዘገየበት መንገደኛ ይመስላል። በመጨረሻ ከፊት ወንበር አንዲት ባለባርኔጣ ሴት ተነሳች። ኦዴሊያ አታውቃትም። ካናቴራዋን ለብሳለች፣ እጇ ላይ በፎይል የተሸፈነ ሳህን አለ።

«ይቅርታ፣ ሚስ ኦዴሊያ፤ አለቀ?»

«አለቀ፣ ቤቢ።»

«እና እርስዎ… ደህና ነዎት?»

«ደህና ነኝ። ምን እሆናለሁ?»

ሴትዮዋ ደረቷ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበበች፣ ኦዴሊያን አየች፣ ሳህኑን አየች። «ታዲያ ይሄን መኮሮኒ ለማን ልስጠው?»

ኦዴሊያ ግራ ገባት። ሳህኑን ስትነካው ግን ገና ትኩስ ነው። ተቀበለችና ሃርላንን ማንኪያ እንዲፈልግ ላከችው፤ ቶሎ እንደማይመለስ ስታስበው ፎይሉን ገልጣ በእጇ ጀመረች።