ወረታ ላይ ያማጥኩ ዕለት

ካቻምና ክረምት ነው የሆነው። ስሜን የማያውቁ ሴቶች አሁንም ወረታ ገበያ ላይ ሲያዩኝ «ያ ያማጠው ሰውዬ» ይባባላሉ። ልረሳው ብልም አያስረሱኝም።

የአንድ እርዳታ ድርጅት ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነኝ። በዚያ ክረምት ርብ ወንዝ ሞልቶ የፎገራን ሜዳ አጥለቀለቀው። ቁሐር ሚካኤል አካባቢ ሩዙም ቤቱም ውኃ ውስጥ ገባ። ሰዉ ልጁን አዝሎ፣ ከብቱን እየነዳ ወጣና ከወረታ አለፍ ብሎ ከፍታ ላይ ያለ ትምህርት ቤት ተጠለለ። እኛም ብርድ ልብስና ጀሪካን እናመላልስ ጀመር።

ሁለት ሳምንት እንዳለፈ ሥልጠና ተባለ። በአደጋ ጊዜ የእናቶችና የሥነ ተዋልዶ ጤና ላይ ነው። ሾፌርም ጥበቃም ሳይቀር ግባ ተባለ።

አለቃዬን «እኔ ቁልፍ ያዥ ነኝ፤ ስለ ወሊድ ምን አገባኝ?» ብለው «አገባህም አላገባህም ስምህ ተጽፏል» አለኝ። እዚያው ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ለቀቁልንና ገባን።

አሠልጣኛችን ሲስተር ትዕግሥት የምትባል አዋላጅ ነርስ ናት። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሰው ከመተረብ የማትመለስ። ጠዋት ገና እንደጀመርን ከቦርሳዋ አንድ ትንሽ እሽግ አወጣች። አወቅሁት። ከእኔው ግምጃ ቤት የወጣ ነው፤ ከነካርቶኑ «ልዩ ልዩ» ብዬ ጽፌበት መደርደሪያ ላይ የሰቀልኩት። ቀደደችውና ላስቲክ፣ ሳሙና፣ ምላጭና ክር ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈች።

«ይህ ለምን የሚሆን ይመስልሃል?» አለችኝ።

«ለ... ልብስ ስፌት?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷ ግን አልሳቀችም። «ሐኪም ዘንድ መድረስ ያልቻለች እናት በንጽሕና የምትወልድበት ነው» አለች። «ላስቲኩ ላይ ትተኛለች። በሳሙናው አዋላጇ እጇን ትታጠባለች። በክሩ እትብቱ ይታሰራል፣ በምላጩ ይቆረጣል። ወሯ የገባ ሴት እጅ ላይ ካልደረሰ ምንም አይጠቅምም።»

አንገቴን ደፋሁ።

ከሰዓት በኋላ በጨዋታ መልክ እንለማመድ ተባለና ዕጣ አወጣን። ለእኔ የደረሰኝ ምጥ የያዛት እናት ነው። ሾፌራችን አያሌው ባሌ ሆነ። ሹራብ ጠቅልለው ሆዴ ላይ አሰሩልኝና አግዳሚ ወንበር ላይ አጋደሙኝ። እኔም ቀስ ብዬ አቃሰትኩ።

«ይሄማ የሆድ ቁርጠት ነው» አለች ሲስተር። «ሚስትህ ስታምጥ ሰምተህ አታውቅም?»

እውነቱን ለመናገር አላውቅም። ሚስቴ ሐሙሲት ባለው ቤታችን ሦስት ልጆች ስትወልድ፣ ሦስቱንም ጊዜ ራቅ ካለ ጎረቤት ቤት ቁጭ ብዬ ነው የጠበቅሁት። እልህ ያዘኝ። ዓይኔን ጨፍኜ «ኧረ ማርያም! ኧረ ድረሱልኝ!» ብዬ ለቀቅሁት። አያሌው እጄን ይዞ «አይዞሽ እመቤቴ» ይላል።

ወዲያው በሩ ተበርግዶ ተከፈተ። አምስት ስድስት ሴቶች ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሥረው «ማርያም ትቅረብሽ! ማርያም ትቅረብሽ!» እያሉ ግር ብለው ገቡ። ለካ ጩኸቴ የተጠለሉት ሰዎች ዘንድ ደርሷል። ከፊት ያሉት እማማ ይታይሽ ናቸው፤ የሠሩት ሸክላ ሁሉ በጎርፉ የተወሰደባቸው አሮጊት። አግዳሚው ዘንድ ደርሰው ጎንበስ ሲሉ ፊት ለፊት ተያየን።

«በስመ አብ!» አሉ። «ይቺ ወላድ ጢም አላት!»

ሴቶቹ በሳቅ ወደቁ። እኔ ሹራቤን ከሆዴ ልፈታ ስታገል ቋጠሮው ይባስ ጠበቀ። ሲስተር ሥልጠና መሆኑን አስረዳቻቸው። እማማ ይታይሽ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁና በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ።

«እናንተ የወንድ ምጥ ትማራላችሁ» አሉ። «የሴቷንስ ማን ይይላት?»

ለካ ዳር ካለው ክፍል ውብነሽ የምትባል ልጅ እግር ሴት ምጥ ከያዛት አንድ ቀን አልፏታል። የመጀመሪያዋ ነው። ባሏ የቀሩትን ከብቶች ሊያወጣ ወደ ውኃው ተመልሷል። እሷንና አብረዋት የተጠለሉትን ወንዶች የሚለያቸው የተሰቀለ ብርድ ልብስ ብቻ ስለሆነ፣ ድምፅዋ እንዳይሰማ ነጠላዋን ነክሳ ነው የዋለችው።

«ለምን አልነገራችሁንም?» አለች ሲስተር።

«ለማን እንንገር ልጄ? የሚመጣው ሁሉ ወንድ ነው። ወረቀት ይዞ ስንት ቤተሰብ ናችሁ ይላል፤ ይሄዳል።»

ሲስተር ጓንቷን ይዛ ሮጠች። ስትመለስ ያ ተረበኛ ፊቷ የለም። «ሕፃኑ ሆዷ ውስጥ ተጋድሟል» አለች። «እዚህ አይወለድም። ሆስፒታል መድረስ አለባት፤ አሁኑኑ።»

መኪናችን ያለው አስፋልቱ ላይ ነው። እስከዚያ ያለውን መንገድ ውኃ ውጦታል። ቃሬዛ አበጅተን አራት ሆነን ተሸከምናት። ከፊት በግራ በኩል እኔ ነኝ። ሲስተር ከጎን፣ እማማ ይታይሽ ከኋላ። ውኃው ጉልበታችን ደረሰ። ጭቃው ጫማዬን አውልቆ አስቀረው።

መካከል ላይ ስንደርስ ውብነሽ ቀና ብላ አየችኝ። ከንፈሯ ደርቋል።

«ያማጥከው አንተ ነህ?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ እህቴ።»

«ወለድክ?»

«እማማ ይታይሽ አስወረዱኝ» ልል ነበር፤ አፌን ያዝኩ። «ተራዬን ላንቺ ለቀቅሁ» አልኳት። ፈገግ ከማለቷ ምጡ መጣባት። ነጠላዋን ልትነክስ ስትል ሲስተር ከአፏ ላይ አነሳችው።

«ጩኺ!» አለቻት። «ማንንም አትፈሪ። ጩኺ!»

ጮኸች። አንድ ቀን ሙሉ ያመቀችው ሁሉ ወጣ። ሜዳው ውኃ ብቻ ስለሆነ ድምፅዋ ሄዶ ሄዶ የሚመለስበት አልነበረም። የእኔ ጩኸት ምን ያህል ቀልድ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ቃሬዛውን ይበልጥ አጥብቄ ያዝኩ።

አያሌው እንደዚያ ሲነዳ አይቼው አላውቅም። ሆስፒታል እንደደረስን በቀዶ ሕክምና አዋለዷት። ሴት ልጅ ናት። ሐኪሙ ወጥቶ «ትንሽ ብትዘገዩ ሁለቱንም እናጣቸው ነበር» ሲል አያሌው ግድግዳውን ተደግፎ እንደ ልጅ አለቀሰ። እኔም ከእሱ አልተሻልኩም።

በማግሥቱ ያን ካርቶን ተሸክሜ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ወሯ የገባችው ማን እንደሆነች እማማ ይታይሽ እያሳዩኝ፣ ሲስተር እያስረዳች አደልን። ስንጨርስ እማማ አንድ ሳህን ሙሉ ገንፎ ይዘው መጡ።

«ብላ» አሉኝ። «አራስ ጾሟን አትውልም።»

ሴቶቹ እልል አሉ። ወሬው ሐሙሲት ለመድረስ ሁለት ቀን አልፈጀበትም። ሚስቴ ደውላ «ለእኔ ሦስት ጊዜ ያልደረስክ፣ ወረታ ሄደህ አማጥክ?» አለችኝ።

ሰዎች ይህን ነገር ባነሱ ቁጥር አብሬ እስቃለሁ። የሚያስቅ ነውና። አንድ የማያስቀኝ ነገር ግን አለ። ከሥልጠናው በፊት በነበረው ሳምንት ውብነሽ ከነሆዷ ተሰልፋ ብርድ ልብስ የተቀበለችው ከእኔው እጅ ነው። እኔ ያየሁት ግን ወረቀቱ ላይ መፈረሟን ብቻ ነበር።