የውሸት መድኃኒት አዋቂ

እስር ቤት ያስገቡኝ ቀን ክፍሉ ውስጥ ሠላሳ ምናምን ሰው ተጣብቆ ተኝቷል። አዲስ ገቢ የሚተኛው ከሽንት ባልዲው ሥር ነው። ካቦው፣ የክፍሉ አለቃ ማለት ነው፣ "ምንድን ነው ሥራህ?" አለኝ።

ባልዲውን አየሁት። "አባቴ መድኃኒት አዋቂ ነበሩ። እኔንም አስተምረውኛል" አልኩ። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ለእውነት ታሰርኩ የምል ሰው፣ እዚያ ክፍል የመጀመሪያዋ ቃሌ ውሸት ሆነች።

ንፋስ የሚገባበት፣ ከበሩ ሥር ያለው ቦታ ተሰጠኝ።

ብዙም ሳይቆይ ኢንፍሉዌንዛ ገባ። ክፍሉ በሙሉ ይስላል። ቤተሰብ ከምግብ ጋር ዳማከሴና ዝንጅብል እንዲልክ አዘዝኩ። ቅጠሉን በመዳፌ አሽቼ በየሰዉ አፍንጫ ስጨምቅ ጵጵስና የተሾምኩ ይመስል ነበር። ወጣቶቹ ዳኑ። ባልነካቸውም ይድኑ ነበር።

አንድ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ግን ባሰባቸው።

"በር አንኳኩተን ክሊኒክ ይውሰዷቸው እንበል?" አለኝ ካቦው።

"አያስፈልግም፤ ላብ ያወጣላቸዋል።"

ክሊኒክ ከሄዱ የእኔ ሐኪምነት አለቀ፤ ወደ ባልዲው ተመለስኩ ማለት ነው። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን እንደዚያው አልኩ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ሲል ሰማሁ። ከንፈራቸው ጠቁሯል።

ተነስቼ በሩን በጫማዬ ደበደብኩ።

"ምን ነካህ አንተ?" አለ ካቦው።

"ምንም አላውቅም። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበሩ።"

ጠባቂው በሩን ከፈተ። በብርድ ልብስ ተሸክመን ስናወጣቸው አስተማሪው ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው፣ "መዳፍህ ግን ጥሩ ይሸታል፣ ልጄ" አሉኝ።

ተመልሼ ምንጣፌን ጠቀለልኩና፣ ማንም ሳያዘኝ፣ ባልዲው ሥር ዘረጋሁ።

አስተማሪው ከሳምንታት በኋላ ከሕክምና ተመለሱ። እስኪፈቱ ድረስ ግን መሐል ላይ ሳያርፉ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ አልቻሉም።

ያ ሁሉ ካለፈ ከዓመታት በኋላ፣ ባለፈው ሳምንት፣ እዚህ በስደት በምኖርበት ቶርንክሊፍ ፓርክ ጉንፋን ጣለኝ። ሕንዳዊቷ ጎረቤቴ ቱልሲ የሚሉትን ቅጠል ከእርድና ከቁንዶ በርበሬ ጋር አፍልታ አመጣችልኝ። አዩርቬዳ የሚሉት የአገሯ ባህላዊ መድኃኒት ነው፤ የእሷ እናት የእውነት መድኃኒት አዋቂ ነበሩ። ገና በሩ ላይ ቆማ፣ "ይሄ ጉሮሮዎን ያለሰልስልዎታል እንጂ በሽታውን አያጠፋም። ትንፋሽ ካጠረዎት ኮል ያድርጉልኝ፣ ሆስፒታል እወስድዎታለሁ" አለችኝ።

ይህችን ለማለት እኔ አራት ቀን ፈጅቶብኛል።

ኩባያውን ተቀብዬ አመሰገንኳት። ቀና ብዬ ግን አላየኋትም።