ተመለሱ ያልኩት ሰው

ከአገር የወጣሁ ዕለት ማታ ወንድሜ ጋሼ ደምሴ ቦሌ ድረስ ሸኘኝ። ከደብረ ብርሃን ከተነሳን ጀምሮ የሚደጋግመው አንድ ነገር ነበር፤ «አደራሽን፣ ልጁን ብርድ እንዳያገኘው።» ኪሩቤል ያኔ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ሳል አለበት። ሁለት ሹራብ ደራርቤለት፣ በነጠላዬ ጠቅልዬው ገባሁ። ጋሼ ከመስተዋቱ ወዲያ ሆኖ «ኮፍያውን ዝቅ አድርጊለት» እያለ በእጁ ሲያሳየኝ ተለያየን። አሁን ያ ልጅ ኑሮው በረዶ ላይ ነው። ይህን ለጋሼ ስንት ጊዜ አስረዳሁት፤ የገባው አይመስለኝም። ለእኔም አልገባኝም።

ባለቤቴ ይልማ ቀድሞን አሜሪካ መጥቶ፣ አሌክሳንድሪያ የምትባል ከተማ ቤዝመንት፣ ምድር ቤት ማለት ነው፣ ተከራይቶ ጠበቀን። የኤርፖርት ታክሲ ይነዳ ነበር። የቤዝመንቱ መስኮት የሚያሳየው የአላፊ አግዳሚውን እግር ብቻ ነው። ግን ይሞቃል፣ ተመስገን። አከራያችን ፎቁ ላይ ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ ነበር። ኪሩቤል ስድስት ዓመት ሲሆነው የመጥረጊያ እንጨት አግኝቶ ኳስ ከጋራዡ በር ጋር ማላተም ጀመረ። ሽማግሌው አንድ ቅዳሜ ወርዶ አንኳኳ።

«ልጅሽ ጋራዤን እየገደለው ነው።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እቀጣዋለሁ።»

«አትቅጪው፣ ኳስ አመታቱ ጥሩ ነው። ለልጅ ልጄ የጠበበው የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ አለ። የበረዶ ሆኪ ሜዳ ልውሰደው። ወይ ልጁ ይሂድ፣ ወይ ጋራዡ ይሄዳል።»

ማታ ለይልማ ነገርኩት። «ታዲያ ጋራዡ ይሂድ አትይውም?» አለኝ።

ወሩ ሰኔ ነበር። የውጭው ፀሐይ አናት ይበሳል፤ የበረዶው ሜዳ ያለበት አዳራሽ ውስጥ ግን የደብረ ብርሃን ኅዳር ነው። እኛ ዘንድ ውርጭ የሚመጣው ባቄላ ሊፈጅ ነው፤ ሰው ምሕላ ይይዛል። እዚህ በኤሌክትሪክ ይሠሩታል። በስልክ ለጋሼ ብነግረው «በፈቃዳቸው?» አለ። «በፈቃዳቸው» አልኩት።

ኪሩቤል ተከላካይ ሆነ። ከጨዋታ ሲመለስ «ስንት ጎል አገባህ?» እለዋለሁ። «ማሚ፣ የእኔ ሥራ እንዳይገባ ማድረግ ነው» ይለኛል፣ በእንግሊዝኛ። ፊቱን ወደሚመጣበት ሰው አድርጎ፣ ሳይዞር፣ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። አንድ አሠልጣኙ «ስሙ ሳይጠራ ካመሸ ጥሩ ተጫውቷል ማለት ነው» አለኝ። ለዚህ እንዴት እንደሚጸለይ ግራ ገባኝ። «እመቤቴ፣ ምንም አይፈጠር» እያልኩ እቀመጥ ነበር።

በኋላ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ተዛወርን፤ ቤተ ክርስቲያን ቀረበን። ልጁ አሥራ ስምንት ሲሞላው ክለቦች በየተራ ወጣት ተጫዋች በሚመርጡበት ቀን አንድ የፕሮፌሽናል ክለብ መረጠው። ቤቱ ሰው ሞላ፣ እልል ተባለ። ከዚያ በኋላ ግን መጥቶ የወሰደው የለም። እሱም ወደ ሰሜን፣ ብርድ ወደሚብስበት ኮሌጅ ሄደ። «እኔ እማራለሁ፣ እነሱ እያዩኝ ይቆያሉ» አለኝ። በሕጋቸው እስኪመረቅ ድረስ ሌላ ክለብ አይነካውም፤ እነሱም እስኪፈርም አይከፍሉትም። አልፎ አልፎ ከክለቡ አንድ ሰው እየመጣ ሲጫወት ያየዋል። ጨዋታ አነባበብህ ጥሩ ነው፣ ስታቀብል ፍጠን፣ ክብደት ጨምር ይለዋል። ሁዳዴ ሲገባ እነሱ ይከሳል ብለው ተጨነቁ፤ እኔ ጾሙን ይገድፋል ብዬ ተጨነቅሁ።

ይህን በስልክ ስነግረው «እንግዲህ ታጭቷል በይኝ» አለ ጋሼ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ነገሩ ገባኝ። የታጨች ልጅ በአባቷ ቤት ታድጋለች፤ የወንዱ ወገን እየመጣ ያያታል። ከዚያ በኋላ ሁሉን የተረዳሁት በዚህ መንገድ ነው። ስህተቴም ከዚህ መጣ።

ሦስተኛ ዓመቱን ሊጨርስ ሲል ለፋሲካ ቤት መጣ። ከበዓሉ በኋላ ማክሰኞ ዕለት ያ የክለቡ ሰው ቤታችን ድረስ መጣ። ጨዋ ሰው ነው፤ ማንም ሳይነግረው ጫማውን በር ላይ አወለቀ። ለእንዲህ ያለ ጉዳይ ብቻውን መምጣቱ ግን ከነከነኝ። ሻይና ድፎ ዳቦ አቀረብኩ።

«ልጃችሁ ደርሷል» አለ። «ኮሌጁን ትቶ ይፈርምልን። መጀመሪያ በታችኛው ቡድናችን ይጫወታል፤ ሲበስል ወደ ላይ እናወጣዋለን።»

ልቤ እሺ ብሏል። ግን ሽማግሌ በመጣ ዕለት እሺ አይባልም፤ ልጅን ማርከስ ነው። የእኔም ወላጆች የይልማን ሽማግሌዎች ሦስት ጊዜ አመላልሰዋል። ስለዚህ «እግዜር ይስጥልን፣ ሰምተናል። እንመክርበታለን። በሌላ ቀን ሰው ይዘው ይመለሱ» አልኩት።

ኪሩቤል ተረጎመው። የእኔ ረጅም ነበር፣ የእሱ አጭር ሆነ።

«ሰው ሲሉ ጠበቃ ነው?» አለ ሰውየው።

«አይ፣ ሽማግሌ» አልኩ። ይህን ኪሩቤል አልተረጎመውም።

ሰውየው ፈገግ ብሎ «እስከ ዓርብ መልስ ስጡኝ» አለና አመስግኖ ሄደ።

ይልማ በሩን ዘግቶ ተመለሰ። «አንቺ ሴት፣ እናትሽ ሽማግሌዎቼን ስታመላልስ እኮ ቤታችን ሁለት መንደር ነበር የሚራራቀው። ይሄ በአውሮፕላን ነው የመጣው።»

«የፈለገ ይመለሳል» አልኩ።

ዓርብ ይመለሳል ብዬ ቤቱን አሰናዳሁ። በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ፍስክ ነው፤ ዶሮ ሠራሁ። የወላጅ ወገን እንዳይጎድል ብዬ የይልማን አጎት አባባ ተሰማን ከሀያትስቪል አስመጣሁ። ከረባት አስረው ሶፋው ላይ ተቀመጡ። ሲመሽ «የወንዱ ወገን የት ቀረ?» አሉ። ማንም አልመጣም። ዶሮውን እኛው በላነው።

የማይገባኝ ይህ ነው። ኪሩቤል ሃያ አንድ ዓመቱ ነው። ለመፈረም የእኔ ቃል አያስፈልገውም፤ ስልኩ ቀኑን ሙሉ በእጁ ነበር። ለሰውየው አልደወለም። እሑድ ካስቀደስን በኋላ ወደ ኮሌጁ ተመለሰ። ክለቡም «እንግዲያው አራተኛውን ዓመት ይጨርስ» አለ። ሳይፈርም ከተመረቀ ነሐሴ ላይ ከዚህ ክለብ ነፃ ይሆናል አሉኝ፤ ሌላ ክለብ ይጠይቀዋል፣ ወይም ማንም አይጠይቀውም። እግሩ ቢሰበርስ? ቢረሱትስ? የነፍስ አባቴን ጠየቅኋቸው። «ሆኪ የሚባለውን አላውቀውም ልጄ፤ የሆነው ለበጎ ነው» አሉኝ። አሜን አልኩ። እግዚአብሔር ያደረገልኝን አውቃለሁ፤ ያ ሳላም ልጅ ቆሞ ይሄዳል። ግን እድሉን የዘጋሁበት እኔ ነኝ ወይስ አይደለሁም?

ጋሼ ሲደውል «ተዳረ?» ይለኛል። «ገና ነው» እለዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ጨክኜ ለኪሩቤል ደወልኩ። ልምምድ ሊገባ ነበር።

«ልጄ፣ ያን ቀን ለሰውየው ተመለሱ ያልኩት እሺ ማለቴ ነበር። እኛ ዘንድ እንደዚያ ነው ወጉ።»

ከኋላው እንጨት በረዶ ሲመታ ይሰማል።

«አውቃለሁ ማሚ» አለ፣ በአማርኛ።

«ያኔም ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከውም?»

አንድ ሰው ስሙን ጠራ። «መጣሁ» አለ፤ ለእኔ ይሁን ለእነሱ አላውቅም። ስልኩን ሳይዘጋው አግዳሚው ላይ ትቶት ሄደ መሰለኝ፣ ጫማዎቹ በረዶውን ሲፍቁ መስማቴን ቀጠልኩ። ብዙ ናቸው። ወደ ኋላ የሚሄደው የትኛው እንደሆነ ልለይ ብዬ፣ መስመሩ እስኪቋረጥ አዳመጥኩ።