ባለ እጅ

ሰው ሁሉ ሁለት እጅ አለው፤ ከአንኮበር በታች ባለችው መንደራችን ግን «ባለ እጅ» የሚባለው ብረት ቀጥቃጩ አባቴ ብቻ ነበር። ለጌታ እጅ መንሻ ይወሰዳል፤ የተሸነፈ እጁን ይሰጣል፤ ወጧ የጣፈጠ ሴት «እጅሽ ይባረክ» ትባላለች። አባቴ ላይ ሲደርስ ያው ቃል ስድብ ሆነ፤ ቡዳ ማለት ሆነ። ይህን ሳስታውስ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ማረሻ የሚያሠሩት ገበሬዎች ከአባቴ እጅ አይቀበሉም። «መሬት ላይ አስቀምጠው» ይሉታል። ያስቀምጥላቸዋል፤ ጎንበስ ብለው ያነሡታል። በዚያው ማረሻ አርሰው ይበሉ የለም እንዴ!

ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ በሄደ በዓመቱ፣ የገብስ አጨዳ ሲደርስ፣ የመንደሩ አዋላጅ ያሠራችውን ማጭድ ልትወስድ ረፋዱ ላይ መጣች። አባቴ ከሰል ሊያከስል ጫካ ወርዶ ነበር። እናቴን ምጥ ይዟታል። እኔ ገና አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። ማጭዱን ይዤ ወደ አጥሩ በር ሮጥሁ።

«እሜቴ፣ ስለ ማርያም ይግቡልን! እናቴ ልትሞትብኝ ነው!»

«ማጭዱን መሬት ላይ አስቀምጪው» አለች። ወዲያው የእናቴን ጩኸት ሰማች። ፊቷ ተለወጠ፤ አልዋሽባትም። ግን አልገባችም። ከአጥሩ ውጭ ቆማ «ወገቧን ደግፊ! አይዞሽ በያት!» እያለች ትጮህልኝ ጀመር። እኔም የምትለኝን እያደረግሁ አዋለድሁ።

ወንድ ነበር። አላለቀሰም። እትብቱን አባቴ በሠራው ምላጭ ቆርጬ፣ በነጠላዬ ጠቅልዬው ወጣሁ። ትንፋሽ ያጠረውን ሕፃን እፍ ብላ የምታስነሣ ከአዋላጇ ሌላ በአገሩ አልነበረም።

«ይያዙልኝ!»

እጇን ልትዘረጋ አለችና መለሰችው።

«መሬት ላይ አስቀምጪው፤ ልየው።»

አስቀመጥሁት። ይህን ለራሴም ይቅር አልልም። ጎንበስ ብላ አየችው፤ አልነካችውም። ብዙ ጠበቅሁ። በመጨረሻ «እግዜር ያጽናችሁ» አለችና ማጭዷን አንሥታ ሄደች።

ከብዙ ዓመት በኋላ አዋላጇ ሞተች። አባቴ በሠራው ዶማ መቃብሯን ቆፈሩላት። አልቃሿ «ያገሩን ልጅ ሁሉ በእጇ የተቀበለች!» ብላ ስታወድሳት ሰዉ ደረቱን መታ። እኔ ከዳር ቆሜ ነበር።

«አንዱን አልተቀበለችም!» ብዬ ጮህሁ።

«ዝም በይ፣ የባለ እጅ ልጅ!» አሉኝ።

ዝም አላልሁም።