አምስተኛው ምንጭ

የክረምት ዲግሪ በምማርበት ኮሌጅ መምህራችን ስለ አሜሪካ መንግሥት አሥር አሥር ገጽ ጻፉ ብሎ ወደየመጣንበት በተነን። ለእኔ የደረሰኝ ርእስ የአሜሪካ ምርጫ ነበር። ቢያንስ አምስት ምንጭ ያስፈልጋል፤ ከአምስቱ አንዱ የግድ ሰው። «ከወረቀት ብቻ የተቀዳ ጽሑፍ አላርምም፤ ወጥታችሁ ሰው ጠይቁ» አለ። አዲስ አበባ ላለ ተማሪ ቀላል ነው። እኔ የማስተምረው በሚዛንና በቴፒ መካከል፣ ሸኮ ነው።

እዚያ ከመጣሁ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር፤ ሁለቱንም ዓመት የኖርኩት በመሄድ ሐሳብ ነው። ዲግሪውን ከያዝኩ ወደ ወሎ፣ እናቴ ወዳለችበት፣ መዛወር እችላለሁ። ስለዚህ ማንንም አልለመድኩም። ከትምህርት ቤት ወጥቼ ሻይ ቤት ጥግ ላይ ብቻዬን ራቴን እበላና ቤቴን ከውስጥ ቀርቅሬ እቀመጣለሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የሰው ድምፅ እየናፈቀኝ የነገውን ትምህርት ለራሴ ጮክ ብዬ የማነብበት ቀን ነበር። ኩራት የመሰላቸው አሉ። ከተላመድኩ እዚያው የምቀር መስሎኝ ፈርቼ ነው።

አራቱን የወረቀት ምንጮች በየቅዳሜው ሚዛን እየሄድኩ ለቀምኩ። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ካገኘሁት ወፍራም መጽሐፍ ስለ ምርጫ የሚያወራው ምዕራፍ ተገንጥሎ ተወስዷል፤ ከእኔ የቀደመ ዲግሪ ፈላጊ መሆን አለበት፣ እጁን ይቁረጠውና። ከተረፈው ስለ ኮንግረስ ጥቂት ገለበጥኩ። ከሚዛን ጋር የተያያዘችው አማን ካለው ኢንተርኔት ቤት ደግሞ አንድ ገጽ እስኪከፈት ሰው ወልዶ ይስማል፤ ሊከፈት ሲል መብራት ይሄዳል። በስንት ምልልስ ሦስት ጽሑፍ ፕሪንት አስደረግኩ። ሰው የተባለው አምስተኛው ግን ከየት ይምጣ? «አቶ እገሌ፣ አሜሪካ የኖሩ» ብዬ ፈጥሬ ልጽፍም ቃጥቶኝ ነበር። መምህሩ ደውሎ ያጣራል ሲሉ ሰምቼ ተውኩት።

ጽሑፉን የምትተይብልኝ የትምህርት ቤታችን ጸሐፊ የምንጮቹን ዝርዝር አየችና፣ «አምስተኛው ባዶ ነው እንዴ፣ ቲቸር?» አለችኝ።

«ሰው አጣሁ።»

«ጎረቤትህ ሽማግሌው ድሮ ሚዛን የነበሩት አሜሪካኖች ሐኪሞች ጋ ስንት ዓመት ዘበኛ ነበሩ አይደል እንዴ?»

አላውቅም ነበር። ከሽማግሌው ጋር የሚለየን አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ደብተሬን ይዤ በራቸውን አንኳኳሁ። የከፈቱልኝ ሚስታቸው ናቸው። የመጣሁበትን ስነግራቸው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ግባ ስንልህ እንቢ ያልከው ልጅ፣ ዛሬ ለአሜሪካ ብለህ መጣህ?»

እየሳቁ ነው ያሉት፤ እኔን ግን ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሽማግሌው አስቀመጡኝና የተቀቀለ ጎደሬ አስቀረቡልኝ።

«ምርጫቸውን አይቻለሁ» አሉ። «በፖስታ ነው የሚልኩት። ሐኪሙና ሚስቱ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው ይጽፋሉ፣ ለየብቻ ያሽጋሉ። ሁለቱንም ፖስታ ቤት የማደርሰው እኔ ነኝ። አንድ ቀን ሐኪሙን ‹ባለቤትዎ ማንን መረጡ?› ብዬ ብጠይቀው፣ ‹አልጠየቅኳትም› አለኝ። ይኼ ነገር ገረመኝ። አብረው እየበሉ፣ አብረው እየጸለዩ አይጠያየቁም።»

ሦስት ገጽ ሙሉ ጻፍኩ። መምህሩም በኋላ ከጽሑፉ ሁሉ ይህን ክፍል ወደደው፤ ዲግሪው መጣ፣ ዝውውሩም ተሳካ።

ያን ቀን ግን ልወጣ ስል የምንጮቹን ዝርዝር አወጣሁና አምስተኛው ቁጥር ላይ እስክሪብቶዬን አሳረፍኩ። እጄ እዚያው ቆመ። ሁለት ዓመት «ጤና ይስጥልኝ» እያልኩ ነው ያለፍኳቸው።

«ስምዎን ማን ልበል፣ አባባ?»

ሚስታቸው እንኳ አልሳቁም። ሽማግሌው ቀስ ብለው ስማቸውን ከነአባታቸው ነገሩኝ። ቀጥለውም የእኔን ከነአባቴ ጠሩት።

«ያንተን የመጣህ ዕለት ነው የያዝነው» አሉኝ።

አንገቴን ደፍቼ፣ ፊደሉን እንዳልስት እያስደገምኳቸው ጻፍኩ።