በጥቁር ክር የተሰፋው ቁልፍ

ልብስ ሰፊዋን ሰፈሩ በሙሉ «እትዬ ቀጥ በይ» ነው የሚላት። ክሩንም፣ ደንበኛውንም፣ ወንበር ላይ የተጣመመ ልጅንም «ቀጥ በይ!» «ቀጥ በል!» ስትል ስለምትውል ነው። እኔ ግድግዳ የምጋራት ጫማ ጠጋኝ ነኝ፤ ስፌቴን እያየች ስትስቅብኝ ኖራለች። የተንሻፈፈ ስፌት ካየች እጇ አያርፍም፣ ሳትጠየቅ ፈትታ እንደገና ትሰፋዋለች።

ይህች ነገረኛ ግን ቅዳሜ ከሰዓት ሌላ ሰው ናት። ወንድሟ የሞተ ጊዜ ካፖርቱን ቆርጣ ትራስ ሠርታ ነበር። ይህን ያዩ ጎረቤቶች እናት ወይም አባት የሞተባቸውን ልጆች ይዘውላት መምጣት ጀመሩ። ልጆቹ የሟቹን ልብስ ያመጣሉ፤ እሷ ትቆርጣለች፣ እነሱ ጥጥ ይሞሉና የመጨረሻውን ስፌት በእጃቸው ይሰፋሉ። እየሰፉ ስለ ሰውየው ያወራሉ። ማውራት ያልፈለገም አይገደድም።

አንድ ቅዳሜ መርፌ ልዋስ ገብቼ ሳለ አንዲት ሴት የሟች ወንድሟን ልጅ ይዛ መጣች። ልጅቷ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው። የአባቷን ነጭ ሸሚዝ ደረቷ ላይ ለጥፋ ይዛለች፤ አክስቷን ግን ቀና ብላም አታያትም።

«እትዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለች አክስትየዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ለትራሱ ንጹሕ ይሁን ብዬ አጥቤ ተኮስኩት። ለካ ማታ ማታ እያሸተተችው ነበር የምትተኛው። ‹ጠረኑ ጠፋ፣ አባዬን ልረሳው ነው› ብላ ስታለቅስ አደረች። ከዚያ ወዲህ አታናግረኝም።»

ደግ ባሰበች እጇ አመድ አፋሽ ሆኖ ቀረ።

እትዬ ቀጥ በይ ሸሚዙን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ቁልፎቹ ሁሉ በነጭ ክር ተሰፍተዋል። ሁለተኛው ብቻ በጥቁር ክር፣ ያውም ተጣሞ፤ ከሥሩ ቋጠሮው ጉብ ብሏል። አመሏ ነውና «ይሄን ደግሞ የትኛው ጫማ ጠጋኝ ነው የሰፋው?» ብላ እኔን በዓይኗ ሸንቆጥ አደረገችና ክሩን ቆርጣ ቁልፉን ነቀለችው።

«አባዬ ነው የሰፋው!» ብላ ልጅቷ ጮኸች።

ሁላችንም ክው አልን። ጠረኑን ውሃ ወሰደው፤ የእጁን ሥራ ደግሞ እኛው ፊት መቀስ በላው። እትዬ ቀጥ በይ ተንበርክካ የክሩን ቁርጥራጭ አንድ በአንድ ከወለሉ ላይ ለቀመች።

«ይቅር በይኝ፣ እናቴ» አለች ወደ ልጅቷ ቀና ብላ። «ይሄን ክር መልሼ ልቀጥለው አልችልም። አባትሽ እንዴት አድርጎ እንደሰፋው ግን ትነግሪኛለሽ?»

ልጅቷ አቀረቀረች። የማታስታውስ መስሎኝ ፈራሁ። እትዬ ቀጥ በይ በመርፌዋ ጥቁር ክር አስገብታ ቁልፉን መስፋት ጀመረች።

«እንደሱ አይደለም» አለች ልጅቷ በቀስታ። «ክሩን አራት ያደርገዋል፣ እንዳይበጠስ።»

«እሺ፣ አራት። ከዚያስ?»

«ከዚያ ምላሱን ያወጣል።»

እትዬ ቀጥ በይ ምላሷን አወጣች። እኔ ሳቄን ዋጥኩ።

«ጣቱን ሲወጋው ‹ይሄ መርፌ ጠልቶኛል› ይላል» አለች ልጅቷ፤ ሳቅ ብላ ወዲያው ደግሞ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከዚያ ስፌቱን ጎንበስ ብላ አየችው። «ውይ እትዬ፣ ቀጥ አደረግሽው እኮ! አምጪልኝ!»

መርፌውን ተቀብላ፣ ምላሷን አውጥታ ራሷ ሰፋችው። ተጣመመ። በላይ በላዩ ቋጠረችው፣ ጉብ አለ። እትዬ ቀጥ በይ እጆቿን ጭኗ ላይ አሳርፋ አየቻት። ከዚያ ሸሚዙ ለትራስ ተቆረጠ፤ አሮጌው ክር ከጥጡ ጋር ውስጡ ገባ፤ ቁልፉ ከላይ መሀሉ ላይ ቀረ።

ትራሱ ሲያልቅ ልጅቷ በአውራ ጣቷ ጉብታውን ዳሰሰችው። ዳሰሰችውና በር አጠገብ ወደ ቆመችው ሴት ዞረች።

«አክስቴ» አለች፣ «ነይ ንኪው። አልረሳሁትም እኮ!»